በኢንተርኔት አገልግሎት የተዘጋጀ ኑዛዜ ያለ ምስክር ሊጸና ይገባልን?

አወያይ፦
ኑዛዜ በኢንተርኔት የሚያዘጋጁ አገልግሎቶች ተናዛዡን ስለ ንብረቱ፣ ስለ ወራሾቹና ስለ ልጆቹ አሳዳጊ እየጠየቁ፣ ከመልሶቹ በመነሣት የተሟላ ሰነድ ያዘጋጁለታል። ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ተናዛዡ ይህን ሰነድ በስክሪን ላይ ማጽደቁ ብቻውን፣ ምስክሮች በአካል መገኘት ሳያስፈልጋቸው፣ ኑዛዜውን ሊያጸናው ይገባል ወይ የሚል ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ይገባል ባይ ነኝ። የኑዛዜ ሕግ ዓላማ የሟቹን ፈቃድ ማወቅ ነው። የአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2001 የኤሌክትሮኒክ ኑዛዜን በሕግ ፈቅዳለች፤ የኦሃዮ ፍርድ ቤት በ2013 በታብሌት ላይ የተጻፈ ኑዛዜ ተቀብሏል፤ በአውስትራሊያም የኩዊንስላንድ ፍርድ ቤት በ2017 በሟቹ ስልክ ላይ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ የጽሑፍ መልእክትን እንደ ኑዛዜ አጽንቷል። ዳኞች ለአንድ መልእክት ይህን ያህል ከራሩ፣ የተጠቃሚውን ማንነት የሚያጣራና እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ ሥርዓት በምን ምክንያት ይነፈጋል?

የውርስ ጉዳይ ጠበቃ፦
የጠቀሷቸው ፍርዶች ለእኔ ክርክር የሚጠቅሙ ይመስለኛል። በኦሃዮው ጉዳይ ሟቹ ታብሌቱ ላይ በገዛ እጁ የፈረመው ምስክሮች ባሉበት ስለነበር፣ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። የኩዊንስላንዱ መልእክትም የጸናው፣ ሳይላክ መቅረቱ ሟቹ ሐሳቡን እንዳልቆረጠ ያሳያል ብላ ሚስቱ ከተከራከረች በኋላ ነው፤ ኑዛዜ የሚደረገው ደግሞ ቤተሰብ እንዲህ ካለ ሙግት እንዲድን ነው።

ዋናው ነገር ግን፣ ኑዛዜው በሚከፈትበት ቀን ስለ ፈቃዱ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው በሕይወት አለመኖሩ ነው። አንድ ልጅ አረጋዊት እናቱን በስሟ አስመዝግቦ፣ ጥያቄዎቹን እያነበበ መልሶቹን እሱ ቢጫን፣ ሥርዓቱ ሁሉንም የእናትየዋ መልስ አድርጎ ይመዘግባል። መዝገቡ የትኛው የይለፍ ቃል በስንት ሰዓት እንደገባ በትክክል ያሳያል፤ አጠገቧ ማን ተቀምጦ እንደነበረ ግን አያሳይም።

የሕግ ተማሪ፦
ሰነድ ማዘጋጀትና ኑዛዜ ማድረግ እየተቀላቀሉብን ነው። በእንግሊዝ የ1837ቱ የኑዛዜ ሕግ ተናዛዡ በአንድ ጊዜ በተገኙ ሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈርም ስለሚያዝ፣ በኢንተርኔት የተዘጋጀው ሰነድ ታትሞ በዚሁ መንገድ ከተፈረመ ችግር የለበትም። በፈረንሳይ ግን በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ መጻፍ ስላለበት፣ ያንኑ ሰነድ አትሞ መፈረም ብቻ አይበቃም።

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ይጠይቃል፤ መነበቡንና ቀኑን ሰነዱ ራሱ ካልገለጸ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። አገልግሎቱ ቃላቱን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢያቀርብ፣ «ተነቧል» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጎደለች ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። እንዲህ ያለው ጥብቅነት ለተራው ሰው ወጥመድ እንደሚሆን ግን አልክድም።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
ወጥመድ መሆኑን ካመኑ መፍትሔውም ይታየን። እንግሊዝ ከጥር 2020 እስከ ጥር 2024 እ.ኤ.አ. የነበሩ ኑዛዜዎችን በቪዲዮ የተከታተሉ ምስክሮች እንዲፈርሙባቸው ፈቅዳ ነበር። ያ ከተቻለ ምስክሮቹን በስክሪን ማገናኘት ምን ይከለክለዋል?

የውርስ ጉዳይ ጠበቃ፦
ያ ፈቃድ ምስክርን አላስቀረም። ቪዲዮው ቀጥታ መሆን ነበረበት፤ ተናዛዡ የፈረመበት ወረቀት ራሱ ለምስክሮቹ ተወስዶ እነርሱም፣ ተናዛዡ በቪዲዮ እያያቸው፣ ይፈርሙበታል፤ ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት ተናዛዡ ቢሞት ኑዛዜው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እርስዎ አሁን ምስክሮች በስክሪን ይገናኙ ካሉ፣ ያለ ምስክር ይጽና የሚለውን የመጀመሪያ ሐሳብዎን ትተዋል ማለት ነው። በዚህ ከተስማማን የሚቀረን ክርክር ጠባብ ነው፤ ምስክሩ ተናዛዡ ያለበትን ክፍል በሙሉ ማየት አለበት ወይስ ፊቱን ማየት ይበቃዋል? እኔ ክፍሉን በሙሉ ማየት አለበት እላለሁ፤ ተናዛዡን የሚያስገድደው ሰው ከካሜራው ጀርባ ሊቆም ይችላልና።