ጉድጓዱ ሲርቅ ማን ያስረዳ? የከሰል ቁፋሮና የገበሬው ውኃ

ጥያቄ አቅራቢው፦ አዳማ ውስጥ ለቅሶ ቤት ተጀምሮ ሳይቋጭ የተበተነ ክርክር ነው። የድንጋይ ከሰል በሚቆፈርበት አካባቢ የገበሬ ጉድጓድ ቢጎድል ወይም ውኃው ቢበላሽ፣ ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት ገበሬው ነው ወይስ ቆፋሪው?

ሹፌሩ፦ የደቡብ አፍሪካ ከሰል ከጅቡቲ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ሳመላልስ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስንት የውጭ ምንዛሪ በእኔ መኪና ተጭኖ እሳት በልቶታል! አሁን ከዳውሮም ከሌላውም የአገራችን ከሰል ሲወጣ ክርክር ተገኘ። ሲሚንቶ ሲወደድ ግን ከሁሉ በላይ የጮኸው ይኸው ዛሬ የሚከራከረው ሰው ነበር። ዝናብ ሲያጥርም ጉድጓድ ይጎድላል። ከሳሽ ያስረዳ።

የገበሬ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ቁፋሮው ይቁም ያለ ሰው የለም። አክስቴ የምትኖረው ከሰል ከሚቆፈርበት ኮረብታ ሥር ነው። ቦታውንም ድርጅቱንም አልጠራም፤ የጎረቤቶቿ ልጆች እዚያው ይሠራሉ። የባልዲዋ ገመድ 14 ክንድ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀጥላበት 19 ደርሷል፤ አንዱ ቅጥያ ሲባጎ፣ ሌላው የበሬ ጠፍር ነው። ባለፈው ስሄድ ሻይ አፈላችልኝ፤ ቀለም መስሎ ጠቆረ። ነጠላዋን ብታጥበው ዝገት ጠጥቶ ወጣ። አቤት ስትል የተጠየቀችው “ድሮ እንዲህ እንዳልነበረ በምን ታሳያለሽ?” ነው። ምን ታሳይ? የድሮውን ሻይ?

መምህሩ፦ ሻዩን ያጠቆረው በውኃው ውስጥ የበዛው ብረት መሆን አለበት፤ ከሻይ ቅጠል ጋር ሲገናኝ እንዲያ ያደርጋል። የከሰሉ ንብርብር ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል በታች ከሆነ፣ ለመቆፈር ውኃውን በፓምፕ መምጠጥ ግድ ነው። ያን ጊዜ ዙሪያው ያለው ውኃ ወደዚያ ያዘነብላል፤ መሐሉ እንደ ገበቴ ይጎደጉዳል፤ ቅርብ ያለ ጉድጓድም አብሮ ይወርዳል። ከከሰል ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይገኛል፤ አየርና ውኃ ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል፣ ብረቱንም ይለቃል። ቢሆንም ሹፌራችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ብረት ከዐለቱ ብቻ ሊመጣም ይችላል። የእኛን አካባቢ ፍሎራይድ ማን ጨመረው? ጥርስ ያበለዘው የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ዐለት ነው እንጂ ፋብሪካ አይደለም። ቁፋሮው ሳይጀመር ያልተለካ ጉድጓድ ኋላ ላይ ማንንም አያሳምንም።

ጠበቃው፦ የሚያናድደው እዚህ ላይ ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ የሚውል ውኃ ከሌላው ሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያሻውም ይላል። ለደሃው ታስቦ ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ የሌለው ጉድጓድ መዝገብም የለውም። ማዕድን አውጪው ፋይል አለው፤ አክስትሽ የላትም። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 1977 ባወጡት ሕግ፣ ከሰልን ከገጸ ምድር የሚያወጣ ሰው ያጎደለውን ወይም ያበላሸውን የባለይዞታ ውኃ እንዲተካ አስገድደዋል። እኛም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለን፤ ጉዳቱ በግሉ ያልነካው ሰው እንኳ ስለ ብክለት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ከመቆፈሩ በፊት በዙሪያው ያሉትን ጉድጓዶች ያልለካ ባለፈቃድ “ጉዳቱ የእኔ አይደለም” ካለ፣ እርሱ ያስረዳ።

ሹፌሩ፦ መለካቱን አልጠላሁም። ነገር ግን በሞተር ውኃ የሚስቡት ባለመስኖዎችም ይለኩ። ሁሉ ነገር በከሰሉ አይላከክ።

የገበሬ ልጅ፦ ይለኩ። ትናንት ደውዬ ገመዱ ስንት ደረሰ አልኳት። ስልኩን ሳትዘጋ ሄዳ ለክታ “20” አለችኝ። ቀኑን ጽፌ ይዣለሁ።