ጥቆማ፦ ለኦንላይን ተማሪዎች በቀጥታ ለማስተማር የቱ ይሻላል? ዙም፣ ጉግል ሚት ወይስ ቴሌግራም?

የረቡዕ መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ኮሌጅ ውስጥ አካውንቲንግ አስተምራለሁ። ዘንድሮ የኦንላይን ክፍል ደረሰኝ፤ 64 ተማሪዎች አሉኝ። ገሚሱ አዲስ አበባ ነው፣ የቀረው ደሴ፣ ጅማና ሐዋሳ። አራቱ ደግሞ ሪያድና ዱባይ ሆነው ነው የሚማሩት። ሞጁሉን በፒዲኤፍ ይወስዳሉ፤ ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቀጥታ እንገናኛለን።

ባለፈው ረቡዕ 19 ሰው ገባ። ካሜራ የከፈተ የለም። «ጥያቄ አላችሁ?» ብዬ ጠብቄ ጠብቄ፣ የተናገረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እሷም «ቲቸር፣ ድምፅ እየተቆራረጠ ነው» ለማለት።

የምጠቀመው ነፃውን ዙም ነው። 40 ደቂቃ ሲሞላ ይዘጋል። መልሰን ስንከፍት ገሚሱ አይመለስም። ኮሌጁ አይከፍልልኝም፤ ከኪሴ ለመክፈል አስቤያለሁ። ዙም ልግዛ? ወደ ጉግል ሚት ልዙር? ወይስ ቴሌግራም ይበቃል? ደግሞ እባካችሁ፣ ልጆቹ እንዲናገሩ ምን ላድርግ?

ቦሌ ሚካኤል
ዙም። ነገር አታብዢ። ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ የምሠራው በዙም ነው፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ዳታ ቆጣሪ
በነፃ ከሆነ ዙም 100 ሰው ለ40 ደቂቃ ይይዛል። ጉግል ሚት 100 ሰው ለ60 ደቂቃ። ማይክሮሶፍት ቲምስም እንደ ሚት ነው። ለ64 ልጅ ሦስቱም ይበቃሉ። ከአንድ ሰዓት የማያልፍ ከሆነ ገንዘብሽን አታውጪ፣ ሚት ይሻልሻል። አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው ጂሜይል አያጣም። ችግሩ ነፃው ሚት አይቀዳም። ነፃው ዙም ግን ኮምፒውተርሽ ላይ ይቀዳልሻል።

የልጆቹን ዳታም አስቢላቸው። ዙም ራሱ እንደሚለው ድምፅ ብቻ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይወስዳል። በሰዓት ቢበዛ 36 ሜጋባይት ነው። ጥራት ያለው ቪዲዮ 600 ኪሎቢት ሲሆን፣ በሰዓት 270 ሜጋባይት ይበላል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚማር ልጅ ቀላል አይደለም። ሰላም ስትያቸው ካሜራሽን ክፈቺ፣ ከዚያ ዘግተሽ ስክሪን ብቻ አሳዪ።

ቦሌ ሚካኤል
ሚት ድምፁ አያምርም። ዙም ነው የሚሻለው።

ዳታ ቆጣሪ
ሞክረኸዋል?

ቦሌ ሚካኤል
ዙም እያለ ለምን እሞክራለሁ?

የተቃጠለ ተማሪ
እኔ በተማሪ ወገን ልናገር። ባለፈው ዓመት አንድ ኮሌጅ «በሳምንት ሁለት ጊዜ የቀጥታ ዌቢናር» ብሎ መዘገበኝ። የሴሚስተሩን በአንድ ጊዜ ከፈልኩ። ስገባ ማይኬ ተዘግቷል፤ መክፈቻውም የለም። አብሮኝ ማን እንዳለ አላይም። መምህሩ ስላይዱን ያነባል፣ ያመሰግናል፣ ይወጣል። ጥያቄ ጽፌ አምስት ሳምንት ጠበቅኩ፣ መልስ የለም። ሊንኩ የሚመጣው ሊጀመር አስር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከሥራ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር የምከታተለው።

ገንዘቤን መልሱልኝ ስል «ስምህ አቴንዳንስ ላይ አለ» አሉኝ። ገብቼ ዝም ብዬ ስለተቀመጥኩ ተምሬያለሁ ማለት ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልደታ ሰፈር
የትኛው ኮሌጅ ነው? ስሙን በለን።

የተቃጠለ ተማሪ
ስም አልጠራም። ጉዳዩን ይዤ እየሄድኩበት ነው።

ማሂ ጀሞ
እኔም እንደዚሁ ሆኛለሁ። ደረሰኝህን ይዘሃል? ደረሰኝ ካለህ እንዳትለቃቸው።

ልደታ ሰፈር
ቢያንስ የመጀመሪያ ፊደሉን።

ካሜራማን ኪያ
ላይቭ ከሆነ የምትፈልጉት እኛ አለን። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት በሦስት ካሜራ በዩቲዩብ እናስተላልፋለን። ኢንተርኔቱንም ይዘን ነው የምንመጣው። በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ማሂ ጀሞ
ለጥር ሠርግ አለን። ዋጋ ስንት ነው?

ጎተራ
እሰይ! መምህርቷ የማስተማሪያ መላ ጠየቀች፤ እኛ ኮሌጅ ከሰን ሠርግ ደግሰንላታል። የቀረው ሚዜ መምረጥ ነው።

ሞጁል ጸሐፊ
የወንድማችን በደል ለእሷም መልስ አለው። ዙም ላይ ሚቲንግና ዌቢናር ሁለት የተለያዩ ምርቶች ናቸው፤ የሚሸጡትም ለየብቻ ነው። ዌቢናሩ የተሠራው አዳራሽ ሙሉ ሰው ለሚሰማው ንግግር ነው። አድማጩ አይታይም፤ አስተናጋጁ ካልፈቀደለት አይናገርም። እሱን ያጋጠመው ይሄ ይመስለኛል። ለክፍልሽ የሚሆነው ሚቲንጉ ነው። ስሙ አሳስቶሽ ዌቢናር እንዳትገዢ።

ስለ ዝምታው፣ ባሕር ዳር የማስተምረው የእኔም ክፍል እንዲሁ ነበር። አንድ ነገር ቀየርኩ። ማስረዳቱን ከቀጥታው ሰዓት አወጣሁት። 15 ደቂቃ በድምፅ ቀድቼ ከአንድ ቀን በፊት በቴሌግራም እልካለሁ። ስንገናኝ ሥራ ብቻ እንሠራለን። አንድ ማታ የማይገጥም ትራያል ባላንስ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት የሒሳቦች ዝርዝር) ሰጠኋቸው፤ በዴቢትና በክሬዲት መካከል የ900 ብር ልዩነት አለ። አምስት አምስት አድርጌ ወደ ትንንሽ ክፍሎች በተንኳቸው። ይሄ ነፃው ዙም ላይም አለ። «ስህተቱን ፈልጉ። ፍንጭ፦ 900ን ለ9 አካፍሉት» አልኳቸው።

5,400 ብር በአንድ በኩል 4,500 ተብሎ ተጽፏል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲገላበጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ያለቀሪ ይካፈላል። ይህን ራሳቸው ሲደርሱበት ብታያቸው! ከክፍል ክፍል ስዘዋወር የሚያወራ ያልነበረበት ክፍል አላገኘሁም። ካሜራ ክፈቱ አላልኩም። ማይክ የፈራ በቻት ጻፈ።

ኮሌጅሽ ሙድል የሚባለው የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ካለው ደግሞ የአይቲ ክፍሉን ጠይቂ። ከሙድል 4.0 ጀምሮ ቢግብሉበተን የሚባል እንደ ዙም በቀጥታ የሚያገናኝ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ለትምህርት ተብሎ የተሠራ ነው፤ ነጭ ሰሌዳም ድምፅ መስጫም አለው። ብዙ ሰው ሲገባ ግን ጠንካራ ሰርቨር ይፈልጋል።

ሪያድ ያለሁ
እኔ ሰው ቤት እየሠራሁ ዲግሪዬን በኦንላይን እማራለሁ። ሰዓታችን ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው። ማታ 2 ሰዓት እራት የማቀርብበት ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ፣ እጄ ሳህን ይዟል። ስሜ ሲጠራ ልቤ ይመታል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን መናገር አልችልም።

መምህራን፣ ካሜራ ያልከፈተ ሁሉ ተኝቷል ማለት አይደለም። እባካችሁ ቅዱልን። እኔ የምሰማው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ለእኔ ቴሌግራም ይቀለኛል። አስተዳዳሪው የቀዳውን ግሩፑ ላይ ካስቀመጠልን ሲመቸኝ አገኘዋለሁ።

ዱባይ ዴይራ
የቴሌግራም ጥሪ እዚህ አይሠራልኝም። ዙም ግን ይሠራል።

ቦሌ ሚካኤል
አላልኩም?

የረቡዕ መምህርት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሪያድ ያለሽው እህቴ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከተማሪዎቼ አንዷ ሪያድ ናት። ባለፈው ስሟን ስጠራ ዝም ስላለች ቀሪ ብዬ ምልክት አድርጌባታለሁ። ነገ እጽፍላታለሁ።

የባሕር ዳሩ መምህር፣ የ900 ብሩን ረቡዕ እሞክረዋለሁ። አምስት አምስት ሆነው አንዱ ኔትወርክ ቢጠፋበት ምን ያደርጋሉ?

ሞጁል ጸሐፊ
አምስት የማደርጋቸው ለዚሁ ነው። ሁለቱ ቢወጡ ሦስት ይቀራሉ። ጥያቄውን ደግሞ አስቀድሜ በፎቶ ቴሌግራም ላይ አስቀምጣለሁ፤ ተቆርጦ የተመለሰ ልጅ «የት ደረሳችሁ?» ብሎ አይጠይቅም።

ልደታ ሰፈር
የኮሌጁ ስም ግን?

ቦሌ ሚካኤል
መምህርት፣ ታዲያ ዙሙን ገዛሽ?