ስቶፕ ሞሽን፦ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የጣት አሻራውስ ይጥፋ?

ጥያቄ፦ በፕላስቲሲን (እንደ ሊጥ በሚቀረጽ ነገር) በተሠራ አሻንጉሊት አጭር የስቶፕ ሞሽን ፊልም እየሠራን ነው፤ አሻንጉሊቱን በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀስን ፎቶ እናነሳለን። ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ፊቱ ላይ የሚቀረውን የጣት አሻራስ እናጥፋው? በሰከንድስ ስንት ፎቶ ይበቃል?

መልስ 1፦ ካሜራው በየፎቶው ብርሃኑን ራሱ እየለካ ይሆናል። ማኑዋል አድርጉት፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ይቆለፉ። ከቀጠለ ጥፋቱ የሌንሱ ሊሆን ይችላል፤ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) በየፎቶው እኩል ላይዘጋ ይችላል። አፐርቸሩ በእጅ በሚዞር ቀለበት የሚስተካከል ሌንስ ግጠሙ። መስኮቱን ጋርዱ፤ ጥቁር ልበሱ፣ ነጭ ሸሚዝ ብርሃን ይመልሳል።

መልስ 2፦ በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል፤ እያንዳንዱን ለሁለት ፍሬም (የፊልም ምስል) አቆዩት፣ በሰከንድ 24 ፍሬም ይሞላል።

መልስ 3፦ አሻራውን እባካችሁ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት! ገጸ ባህሪው ሲረጋጋ ፊቱ ልሙጥ፣ ሲጨነቅ አሻራ የበዛበት ይሁን። በየፍሬሙ የሚለዋወጠው አሻራ ቆዳው የሚርገበገብ ያስመስለዋል፤ ጭንቀቱ ያለ ቃል ይነበባል። ግን የሚያሞቅ አምፖል ፕላስቲሲኑን አለስልሶ ባላሰባችሁት ትዕይንትም አሻራ ያበዛል፤ ኤልኢዲ ተጠቀሙ።