አስቸኳይ! የመጽሔታችን ሽፋን ፎቶ ባለቤት መጣብን

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)
ጀማው ሰላም። ደሴ ነን። የክበባችን መጽሔት ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ማተሚያ ቤት ይገባል፣ 500 ኮፒ። ቀብድ ከፍለናል። ሽፋኑን ቴሌግራም ላይ ለጥፈነው ነበር። አሁን አንድ ልጅ ደውሎ «ፎቶው የኔ ነው፣ እንዳታትሙት» አለኝ። ስሙን ውስጥ ገጽ ላይ ብንጽፍለት ይበቃል አይደል? በነጻ ነው የምናድለው፣ ትርፍ የለንም። እባካችሁ ቶሎ!

ቦርከና
የምን ፎቶ ነው? ከየት አመጣችሁት?

መምህር ከሐይቅ
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ባለቤት ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ ስሙ እንዲጠራለት ነው። ሌላው ሥራውን ማን ያባዛው፣ ማን ያሰራጨው የሚለውን መወሰን ነው። ስሙን ስትጽፉለት የመጀመሪያውን አከበራችሁ። ሁለተኛው ግን ፈቃድ ይፈልጋል። በነጻ ማደልም ማሰራጨት ነው።

ቦርከና
አላስፈቀዳችሁም ማለት ነው እንግዲህ።

የጦሳ ልጅ
ከፌስቡክ ነው ያወረድነው። ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ አንዲት እናት እህል ሲሰፍሩ። ሁሉም ሼር ያደረገው ፎቶ እኮ ነው! ስምም የለበትም።

ሕግ ተማሪ
ስም ከሌለበት ነገሩ ይለያል። አዋጁ ፎቶን የሚጠብቀው የስብስብ አካል ከሆነ፣ መጽሐፍ ላይ ከወጣ ወይም የባለቤቱ ስምና አድራሻ ካለበት ነው። ጥበቃው ፎቶው ከተነሳ 25 ዓመት ይቆያል። ዋናውን ፋይል በደንብ እየው።

ኮምቦልቻ 03
ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ። አትደንግጥ፣ ሽፋን ለብቻው ነው የሚታተመው። ወረቀቱም ፕሌቱም (የማተሚያ ሰሌዳው) ሌላ ነው። የውስጡ ነገ ይግባ፣ ሽፋኑ ከጥረዛ በፊት ይድረስ። አሁኑኑ ደውለህ ንገራቸው።

መርሳ
ስሙን ጻፉለትና አትሙ፣ ምን ችግር አለው።

መምህር ከሐይቅ
መርሳ፣ ከላይ የጻፍኩትን አንብብ።

የጦሳ ልጅ
ዲዛይነራችንን ጠየቅኩት። ታች ጥጉ ላይ በነጭ ፊደል ስምና ስልክ ነበረበት። ከርዕሱ ጋር ስለተጋጨበት ቆርጦታል። አሁን ነው የነገረኝ።

ቦርከና
ወላሂ ይሄ የሰው ሀቅ ነው! ልጁ ለዚህች ፎቶ ባቲ ድረስ ወርዶ፣ በዚያ ሙቀት ፀሐይ ላይ ውሎ ነው። ስሙን ቆርጣችሁ መልሳችሁ «ስም የለበትም» ትላላችሁ?

ሕግ ተማሪ
በቃ፣ እኔ ያልኩት አይሠራላችሁም።

እታለም
ስለ ፎቶ አንሺው ብቻ ነው የምታወሩት። እናትየዋስ? የእናቴን ፎቶ አንድ ድርጅት ካላንደር ላይ አውጥቶት ነበር። ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ነው ያየችው። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «ማን ፈቀደላቸው?» አለች። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ አይባዛ፣ አይሸጥ ይላል።

ሕግ ተማሪ
እታለም፣ ቁጥር 28 ደግሞ በአደባባይ ከሆነ ነገር ጋር ተያይዞ ለወጣ ምስል ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። ገበያ አደባባይ ነው።

እታለም
የገበያ ዘገባ ሌላ፣ የሴትዮዋን ፊት ብቻ አጉልቶ ሽፋን ማድረግ ሌላ። ሕጉ ቢፈቅድስ፣ ሰኞ ባቲ ወርዶ መጠየቅ ያቅታል?

አብሽር ወሎ
አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ የሚያልቅ ነገር ነው። ልጁን መልሰህ ደውልለት። መጀመሪያ ይቅርታ፣ የስሙን መቆረጥ ራስህ ንገረው። ከዚያ ስንት ኮፒ እንደሆነ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ በነጻ እንደሚታደል አስረዳው። ከፈቀደ በጽሑፍ ይላክልህ፣ ለዛሬ ማታ የስልክ መልእክትም ይሁን። ክፍያ ከጠየቀ ሀቁ ነው። ዋናውን ፋይልም ለምነው። ኤ4 ሽፋን በጥራት እንዲወጣ 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል፣ ከፌስቡክ የወረደው ይደበዝዛል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው። እምቢ ካለ ደግሞ ከደሴ ፒያሳ ሆኜ ያነሳሁት የጦሳ ተራራ ፎቶ አለኝ። ፈቅጃለሁ፣ ሀላል ነው።

መርሳ
ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁትንም አጥፉት እንግዲህ።

የጦሳ ልጅ
አጠፋነው። ማተሚያ ቤቱ የውስጡን ነገ እንጀምራለን፣ ለሽፋኑ እስከ ሐሙስ እንጠብቃለን ብሏል። ልጁ ግን ስልኩን አያነሳም። አብሽር፣ የጦሳውን ላክልኝ።

አብሽር ወሎ
ላክሁ። ግን ጠዋት ድጋሚ ደውልለት። ይቅርታው ፎቶውን ብትተወውም አይቀርም።

እታለም
የጦሳ ልጅ፣ ከልጁ ጋር ምን ተባባላችሁ? ሐሙስ አለፈ እኮ።