የኩላሊት ንቅለ ተከላ እስኪደርስ ሆስፒታል መመላለሱን እንዴት ቻላችሁት?

የድሬዳዋ ነዋሪ ስሆን፣ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራ በማቆማቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት እያደረግሁ፣ እህቴ አንድ ኩላሊቷን ልትለግሰኝ ፈቅዳ፣ ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በተጀመረበት በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተራ እየጠበቅሁ ነው። ሆኖም በአንገቴ በኩል የገባው የእጥበት ቱቦ እያመረቀዘ፣ ብርድ ብርድ ብሎኝ ያንቀጠቅጠኝና አልጋ ያስይዘኛል፤ በተኛሁ ቁጥርም ለንቅለ ተከላው የሚያስፈልገው የምርመራ ቀጠሮ ይተላለፋል። ክንዴ ላይ የተሠራው ፌስቱላ (በቱቦው ፈንታ ለእጥበት እንዲያገለግል የደም ሥሮች የተገናኙበት ቦታ፤ እጄን ሳሳርፍበት ንዝረቱ ይሰማኛል) ገና ለመርፌ አልደረሰም። ኩላሊቶቼ ፈሳሽ ስለማያስወጡ የሚፈቀድልኝ ጥቂት ውኃ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በድሬ ሙቀት ጉሮሮ ማርጠቢያ እንኳ አይሆንም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወገኖች፣ ቱቦውን ከላብና ከእርጥበት እንዴት ጠበቃችሁት? ጥማቱንስ በምን አስታገሳችሁት? ለምርመራ ከለጋሻችሁ ጋር አዲስ አበባ ስትሰነብቱስ ማረፊያና እጥበት የምታደርጉበትን ቦታ አስቀድማችሁ እንዴት አመቻቻችሁ?