ለ120 ፊልም ስካነር፦ ቪ600፣ ቪ850 ወይስ ኩልስካን?

ስድስት_በስድስት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ፎቶ ቤት የተረፉ የ120 (ሰፊው ጥቅል ፊልም) ኔጋቲቮችን ስካን ለማድረግ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ሁሉም 6×6 (በጎን ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ) ናቸው፤ የሚበዙት ጥቁርና ነጭ፣ ጥቂቶቹ ባለቀለም። ሦስት ሦስት ሆነው ተቆርጠዋል፣ አንዳንዶቹም ተጣመዋል። ትልቁ ኅትመት በጎን 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኤፕሰን ቪ600ም ቪ850ም 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የነጥብ ብዛት) ይላሉ፣ ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። ምናቸው ነው የሚለየው? ያገለገለ ኒኮን ኩልስካን 9000ስ ያዋጣል?

ጥላና_ብርሃን፦
ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይተዉት። 6400 ማሽኑ የሚያነበው የነጥብ ብዛት እንጂ ሌንሱ አጥርቶ የሚለየው አይደለም። በመለኪያ ሰሌዳ ሲፈተሹ ቪ600 ወደ 1600፣ ቪ850 ወደ 2300 ዲፒአይ ነው የሚሰጡት። የ6×6 ፍሬም ጎኑ በትክክል 56 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመጀመሪያው 3500፣ ከሁለተኛው 5000 ፒክስል ገደማ ያገኛሉ። በ300 ዲፒአይ ሲታተም 30 እና 43 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለእርስዎ 40 ሴንቲ ሜትር እንግዲህ ቪ850 ነው። ያገለገለ ቪ700 ካገኙም ጥራቱ ተቀራራቢ ነው፤ መብራቱ ኤልኢዲ ስላልሆነ እስኪሞቅ መጠበቅ አለብዎ፣ የፊልም መያዣውም ደካማ ነው።

6400 ላይ ስካን አያድርጉ። አንድ ጥቁርና ነጭ ፍሬም በ16 ቢት 400 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል፣ ተጨማሪ ዝርዝር ግን የለውም። 3200 ላይ 100 ሜጋባይት ነው፣ ይበቃል።

ለዲጂታል አይስ ብለው ገንዘብ አይጨምሩ። በኢንፍራሬድ አቧራን የሚለይ ዘዴ ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያለው ብር ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ ምስሉን ራሱን እንደ ቆሻሻ ያየዋል። ለባለቀለሞቹ ብቻ ያብሩት።

ኩልስካን 9000 እውነተኛ 4000 ዲፒአይ አለው፣ ትኩረቱንም ራሱ ያስተካክላል። ነገር ግን ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፣ ከኮምፒውተር የሚገናኘው በፋየርዋየር (በድሮ የኬብል ዓይነት) ነው፣ የውስጥ መስታወቱ አቧራ ሲይዝ ደማቁ ክፍል ጭጋግ ይለብሳል። ለተጣመመ ፊልም ደግሞ ባለመስታወቱ መያዣ የግድ ነው፤ እሱን ለብቻው መፈለግ ሊኖርብዎ ነው። የሚጠግንልዎ ሰው ከሌለ አልመክርም።

ማክሮ_100፦
ባለ24 ሜጋፒክስል ሙሉ ፍሬም ካሜራና ማክሮ ሌንስ ካለዎት ስካነር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስቡበት። ፍሬሙን በአንድ ጊዜ ቢያነሱት 4000 በ4000 ፒክስል ብቻ ነው። የሴንሰሩን ረጅም ጎን ከ56 ሚሊ ሜትሩ ጋር አስተካክለው ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ አንስተው ቢያጋጥሙት ግን ወደ 6000 በ6000 ይደርሳል፣ መደራረቢያውም ከበቂ በላይ ነው። ሲአርአይው (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ95 በላይ የሆነ የብርሃን ሰሌዳ ይጠቀሙ፤ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ8፣ አይኤስኦ 100 ይሁን። ፊልሙን ከሰሌዳው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁት፤ አለዚያ የሰሌዳው አቧራ አብሮ ይታያል። ካሜራው ቀጥ ማለቱን ለማወቅ በፊልሙ ቦታ ትንሽ መስታወት አስቀምጠው ሌንሱ የራሱን ምስል መሃል ላይ እስኪያይ ያስተካክሉ። አንድ ጥግ ደብዝዞ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው።

ስድስት_በስድስት፦
አመሰግናለሁ። ካሜራ የለኝም፣ ወደ ቪ850 አዘነብላለሁ። የተጣመሙትን መስታወቱ ላይ በቀጥታ ባስተኛቸውስ?

ጥላና_ብርሃን፦
አይሆንም። ለፊልም መያዣው የሚሠራው ሌንስ የሚያተኩረው ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዚያም በላይ አብረቅራቂው የፊልሙ ጀርባ ለስላሳ መስታወት ሲነካ የኒውተን ቀለበቶች (ቀስተ ደመና የሚመስሉ ክብ መስመሮች) ይመጣሉ። በፕላስቲክ ከረጢታቸው እንዳሉ ከባድ መጽሐፍ ሥር ለሳምንት ያስተኟቸው፤ ሙቀት አይጠቀሙ።

መያዣው ሲደርስ በእግሮቹ ከፍታውን እየቀያየሩ አንዱን ፍሬም ደጋግመው ስካን ያድርጉ፤ በ100 ፐርሰንት አይተው ግሬኑ (የፊልሙ ቅንጣት) ጥርት ብሎ የታየበትን ይያዙ። ሶፍትዌሩ ሂስቶግራሙን (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) በራሱ ሲቆርጠው ጥቁሩና ነጩ ስለሚጠፋ ሁለቱን ጫፎች በእጅ ያስፉ። መያዣው ጫፍ ላይ ያለችው ባዶ ክፍት ቦታ ማሽኑ ብርሃኑን የሚለካባት ናት፤ አቧራ ካረፈባት ስካኑን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር ይወጣል፣ ስለዚህ በየጊዜው ይጥረጓት።