ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል የጠረጴዛ ዛፍ እንዴት ይሠራል?

ጥያቄ (ከጀሞ)

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በኮንዶሚኒየም ነው፤ ሳሎናችን ጠባብ ስለ ሆነ ትልቁን የገና ዛፍ መሬት ላይ ማቆም አልቻልንም። ስለዚህ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ቡፌ ላይ የሚቀመጥ ዛፍ በእጄ ሠርቼ ጌጡን ብቻ እየለወጥሁ ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ ልጠቀምበት አሰብሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን አልተሳካም። ከቤት መስመር ዝርጋታ በተረፈ የ2.5 ሽቦ ግንድና ቅርንጫፍ ሠርቼ፣ አረንጓዴ ክሬፕ ወረቀት ጠምጥሜ አሸዋ በሞላ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ተከልሁት፤ ሦስት ጌጥ ስሰቅልበት ቅርንጫፎቹ ተንጠለጠሉ፣ በማግሥቱም ልጄ የቡፌውን ልብስ ሲስብ ከነአሸዋው ተደፋ። ለግንዱና ለእግሩ ምን ልጠቀም? ለየበዓሉስ ምን ልስቀልበት? ከአሜሪካ የተላከልኝ ባለ ሶኬት የገና መብራትም አለ፤ ሰክቼ ላብራው ወይስ ይቅር?

መልስ (ከአዳማ)

የመስመር ሽቦ መዳብ ስለ ሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፤ በቀላሉ የታጠፈ ደግሞ ጌጥ ሲሰቀልበት መልሶ ይወርዳል። ከብረታ ብረት መሸጫ ዚንክ የተለበጠ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ ይግዙና እያንዳንዳቸው 70 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስምንት ቁራጮች ያዘጋጁ። ስምንቱን አንድ ላይ ይዘው ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ትተው በፒንሳ ያጠማዝዟቸው፤ የተተወውን እንደ ሥር በየአቅጣጫው ይበትኑት። ከሥሩ 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲሉ ሁለቱን ሽቦዎች ግራና ቀኝ አውጥተው ቅርንጫፍ ያድርጓቸው፣ ቀሪዎቹን ስድስት እያጠማዘዙ ይቀጥሉ፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በኋላ ሌላ ሁለት፣ ከዚያም ሌላ ሁለት እያወጡ ሲሄዱ ለጫፉ ሁለት ይቀሩልዎታል። ቅርንጫፉ ከግንዱ የወጣ እንጂ በላዩ የታሰረ ስላልሆነ አይንሸራተትም፤ ግንዱም እንደ እውነተኛ ዛፍ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። የሚረዝመውን ቅርንጫፍ በመጨረሻ ይቁረጡት።

አሸዋ አይይዝም። ትልቁን የዱቄት ወተት ጣሳ ወስደው ጠጠር ከግርጌው ያድርጉና የሽቦውን ሥር በመካከሉ ያቁሙ፤ ከዚያም ለአንድ ኩባያ ውኃ ሁለት ኩባያ ጀሶ በጥብጠው ጣሳው እስኪጋመስ ያፍስሱበት። ጀሶውን ወደ ውኃው ይነስንሱት፤ ውኃውን በጀሶው ላይ ካፈሰሱ ይጓጉላል። በደቂቃዎች ውስጥ እየሞቀ ስለሚጠነክር ግንዱ ቀጥ ማለቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። የቡፌው ልብስ ግን ከጣሳው ሥር መነሣት አለበት፤ ልጅ ካለ ክብደት ብቻውን አያድንም።

መልስ (ከጅማ)

ሽቦ ለምን አስፈለገ? ለቀማው ካለቀ በኋላ ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወድቀው ቅርንጫፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ቅርንጫፎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ስለሚወጡ ጌጡ ሚዛኑን ይጠብቃል። ዘመድ ከገጠር ሲመጣ አንድ ቅርንጫፍ ቢያመጣልዎት ቅጠሉን አራግፈው ሁለት ሦስት ሳምንት በጥላ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል። እኔ የምጠቀምበትን በነጭ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ወረቀት ግን አልጠመጥምበትም፤ አንዴ አረንጓዴ ካለበሱት የገና ዛፍ ሆኖ ይቀራል፣ በመስከረም አደይ አበባ ቢሰቅሉበትም አያምርም።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መብራቱን እባክዎ አይሰኩት። እዚህ የሚሸጠው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የአገር ቤቱ 220 ስለ ሆነ አምፖሎቹ ወዲያው ይቃጠላሉ፣ የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው አዳፕተርም ቮልቱን አይቀንስም። እኔም ለእኅቴ ልኬላት በመጀመሪያው ምሽት ነው የተቃጠለው፤ ስልክ ደውላ የነገረችኝን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ወይም በስልክ ቻርጀር የሚሰካውን ባለ 5 ቮልት ይፈልጉ፤ ለ60 ሴንቲ ሜትር ዛፍ የሁለት ሜትር መብራት ይበቃል። ረከቦቱና የከሰል ምድጃው ከቡፌው አጠገብ ከሆኑም ዛፉን ያርቁት፤ ክሬፕ ወረቀትና ጥጥ በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛሉ።

መልስ (ከጎንደር)

ልጄ፣ እኔ ስለ ጌጡ ልንገርሽ። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባውን ከቢጫ ክሬፕ ወረቀት ሥሪው፤ እውነተኛው ከውኃ ከወጣ ቶሎ ይጠወልጋል። መስከረም 1 የሰቀልሽው እስከ መስቀል፣ እስከ 17 ድረስ ስለሚቆይ በአንድ ድካም ሁለት በዓል ታሳልፊያለሽ። ለገና ቀይና አረንጓዴ ክር በኪሮሽ ሠርተሽ ትንንሽ ኳስና ኮከብ አድርጊ፤ ከአሮጌ ነጠላ ጥለት ቀድደሽ እንደ ሪባን ብታዞሪበትም ያምራል። ያንን በረዶ የሚመስል ጥጥ ግን ተይው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ በረዶ ማን አየ? ከአጥር ጥድ አንድ ጭብጥ ቆርጠሽ ከጣሳው ዙሪያ ብታኖሪ ሽታው ብቻውን በዓል ነው።

ለጥምቀት ትንንሽ ሎሚ ላይ ቅርንፉድ ሰክተሽ ስቀይ፤ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ ሲወረውር የነበረውን ለልጅሽ ታጫውችዋለሽ። ሎሚ ከባድ ስለ ሆነ ከግንዱ አጠገብ ይሁን። ሁዳዴ ሲገባ ሁሉንም አውርደሽ ባዶውን ተይው። ለሆሳዕና ዘንባባው ሳይደርቅ ቀለበትና መስቀል ሠርተሽ አንጠልጥይበት፤ ከደረቀ ሲታጠፍ ይሰበራል። በቀዳም ሥዑር ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሽውን ቄጠማ ጫፉ ላይ ብታስሪው ለፋሲካ ሌላ ጌጥ አያሻውም።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እማማ፣ የእርስዎን በደብተሬ ጽፌዋለሁ። በቅርቡ ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ስለሌለኝ በሽቦው ጀምሬያለሁ፤ ወረቀቱን ትቼ ሽቦውን በነጭ የጥጥ ክር ጠመጠምሁት፣ ጌጥም አይንሸራተትበትም። ባለቤቴ ባዶውን አይቶ «ይህ ጭራሮ ለምድጃ ነው?» ብሎኛል፤ አደይ አበባው እስኪሰቀል ይታገሥ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የተረፈውን የተበጠበጠ ጀሶ የት ልድፋው?

መልስ (ከአዳማ)

ማጠቢያው ውስጥ ፈጽሞ አይድፉት፤ ቱቦው ውስጥ ይጠነክርና ይደፍነዋል። በላስቲክ ሳህኑ እንዳለ ይተዉት፤ ሲደርቅ ሳህኑን ጠምዘዝ ቢያደርጉት ተላቅቆ ይወጣል፣ ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት።